ከእምኩሉ እስከ ነቀምቴ፤ ከባርነት ነፃ የወጡ ሰዎችና የኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስ

በአገራችን ስለ ክርስትና መስፋፋት የተጻፉ ታሪኮች አብዛኛውን ጊዜ የሚቈጥሩት የተጠማቂውን ብዛት፥ የተተከለውን ቤተ ክርስቲያን፥ የሰባኪውንም ስም ነው። አዲስ የገባው ሰው ከገባ በኋላ ምን ሥራ ተሰጠው? በምን ቋንቋስ ተማረ? የሚለው ጥያቄ ግን እምብዛም አይነሣም። በዚህች አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን በአንድ ጉዳይ ላይ እንመረምራለን፤ ይኸውም በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ በምፅዋ አጠገብ በእምኩሉ ተሰብስበው የነበሩ ከባርነት የወጡ ኦሮሞች መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፍ መፍቻ ቋንቋቸው የመለሱበት ታሪክ ነው። ዘመኑ ሁሉ የተጻፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን በ1856 ተመሠረተ። የመጀመሪያዎቹ መልእክተኞቹ በ1866 ምፅዋ ሲደርሱ አሳባቸው በቀጥታ ወደ ኦሮሞ አገር መግባት ነበር። ነገር ግን ጊዜው ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያንን ያሰሩበት ጊዜ ስለ ነበረ ወደ ውስጥ የሚያስገባው መንገድ ተዘጋባቸው። በኩናማ አገር ጥቂት ዓመታት ደክመው ከመካከላቸው አንዳንዱ በበሽታ፥ አንዳንዱም በሰው እጅ ከሞተ በኋላ የተረፉት ወደ ባሕሩ ዳር ተመለሱ፤ በእምኩሉም ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ሊደርሱባቸው ያልቻሉት ኦሮሞች ወደ እነርሱ መምጣት የጀመሩት በዚህ ጊዜ ነው። የመጡትም በፈቃዳቸው ሳይሆን የባሪያ ነጋዴ ነድቶ አምጥቷቸው ነው።

ከነዚህ አንዱ በ1850ዎቹ በኢሉባቦር በሁሩሙ አካባቢ የተወለደ ሂካ የሚባል ልጅ ነበር። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ሞተበት፤ እርሱም ተሰርቆ ከአንዱ ነጋዴ ወደ ሌላው እየተሸጠ ምፅዋ ደረሰ። በዚያ በ1870 ወርነር ሙንዚንገር የተባለው ስዊሳዊ ነፃ አወጣውና ለሚስዮኑ ሰጠው። በ1872 በትንሣኤ በዓል ተጠምቆ ኦኔሲሞስ ተባለ። ይህ ስም ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት ውስጥ የሚገኘው የባሪያው ስም ስለሆነ የሰጡት ሰዎች ምን እንዳሰቡ ግልጽ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያውም ስም ቢሆን የሚናቅ አልነበረም። «ሂኩ» በኦሮምኛ መፍታት ማለት ነው፤ የታሰረውን መፍታትም፥ የንግግርን ምሥጢር መፍታትም በዚሁ ግስ ይነገራል። በአማርኛችንም ነገሩ እንዲሁ ነው። እናቱና አባቱ ባያስቡትም ልጁ ሁለቱንም ሆነ።

ባሪያ የነበረ ልጅ ወንጌላዊ መሆኑ ለኢትዮጵያ ታሪክ እንግዳ አይደለም። ሩፊኖስ እንደሚተርከው ፍሬምናጦስ ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት የገባው ተማርኮ ነበር። ልዩነቱ ፍሬምናጦስ በማያውቀው ሕዝብ መካከል ሲያስተምር ኦኔሲሞስ የተላኩት ወደ ወገናቸው መሆኑ ነው። ይህም ቢሆን ቀላል አልሆነም። ከ1876 እስከ 1881 በስዊድን አገር ተምረው እንደ ተመለሱ ወዲያው በሱዳን በኩል ወደ ወለጋ ለመግባት ከመልእክተኞች ጋር ጕዞ ጀመሩ። ፋማካ ከሚባለው ስፍራ አላለፉም፤ የጕዞው መሪ የነበረው ስዊድናዊ በ1882 በመንገድ ሞተ፤ እርሳቸውም ወደ እምኩሉ ተመለሱ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሸዋ በኩል የተደረገው ሙከራም አልተሳካም። በእኔ አስተያየት እነዚህ ጕዞዎች ተሳክተው ቢሆን ኖሮ የኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስ ብዙ ይዘገይ ነበር። ትርጕሙን ለመሥራት ዓመታት የሚያስቀምጣቸው የተዘጋው መንገድ ነበረና።

ትርጕሙ ግን አንድ ትልቅ እንቅፋት ነበረበት። ኦኔሲሞስ ከአገራቸው የተወሰዱት በልጅነታቸው ነው፤ ቀጥሎም ብዙ ዘመን የኖሩት በሌላ ቋንቋ ተናጋሪዎች መካከል ነው። የልጅ ቋንቋ ለቤት ይበቃል፤ ለኢሳይያስና ለጳውሎስ ግን አይበቃም። ከእርሳቸው በፊት ክራፕፍ የተባለው ጀርመናዊ በደብተራ ዘነብ ረዳትነት አዘጋጅቶ በ1876 ያሳተመው የኦሮምኛ አዲስ ኪዳን ነበረ፤ ሆኖም እርሱን ማረም ብቻ ጉድለቱን የሚሞላ አልነበረም።

ጉድለቱን የሞሉት አስቴር ጋኖ ናቸው። አስቴር ነፃ ሆነው ተወልደው ኋላ በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ በባርነት የወደቁ ሲሆኑ፥ በ1886 ወደ ዓረብ አገር ለሽያጭ ሲወሰዱ የኢጣልያ መርከቦች ጀልባይቱን ይዘው አስለቀቋቸው። በእምኩሉም ትምህርት ቤት ገቡ። ኦኔሲሞስ የዚህችን ልጅ የቋንቋ ስጦታ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ መዝገበ ቃላት እንድታዘጋጅም ሥራ ሰጧት። አስቴር ወደ 15,000 የሚጠጋ ቃል ሰበሰቡ። በ1893 የታተመው አዲስ ኪዳን የታረመው በዚህ መዝገብ ነው። ከዚህም በላይ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች መድበል ተረጐሙ፤ 500 ያህል እንቈቅልሽ፥ ተረት፥ ምሳሌያዊ ንግግርና ዘፈን ከቃል ወደ ጽሑፍ አወረዱ። ከነዚህም ብዙዎቹ በ1894 ለጀማሪዎች በተዘጋጀው የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባል። ወንጌልን ለማስተማር የተዘጋጀ የፊደል መጽሐፍ ከአያት የተሰማ እንቈቅልሽ ለምን ያስፈልገዋል? ለጸሎትና ለትእዛዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ አያስፈልገውም ነበር። መጽሐፉን ያዘጋጁት ሰዎች ግን ራሳቸው ከቤታቸው ተነጥቀው የወጡ ናቸው፤ ተማሪው ክርስቲያን ለመሆን የእናቱን ንግግር ከደጅ ጥሎ እንዲገባ አልፈለጉም። አንዳንድ ጸሐፊዎች የእንቈቅልሾቹን መሰብሰብ ከትርጕሙ ጋር እንደማይገናኝ ትርፍ ሥራ አድርገው ማለፋቸው ትክክል አይመስለኝም።

ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል ተጽፎ በ1899 በስዊስ አገር በባዝል አጠገብ በቅዱስ ክሪሾና ታተመ። ቃሉ ከተርጓሚዎቹ ቀድሞ ወለጋ ደርሷል። በ1898 ገብረ ኤዎስጣቴዎስ የተባሉ የሐማሴን ቄስና ዳንኤል የተባሉ ኦሮሞ ከነቤተሰባቸው ቦጂ ገብተው በኦሮምኛ ማስተማር ጀምረው ነበር። ስዊድኖች ከ30 ዓመት በላይ የተመኙትን መንገድ የረገጡት የአገሩ ልጆች ሆኑ።

ኦኔሲሞስና አስቴር በ1904 ነቀምቴ ሲገቡ ገዥው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ ሞረዳ) በክብር ተቀበሏቸው። ደጃዝማች ራሳቸው የተጠመቁ፥ ዳግማዊ ምኒልክም የክርስትና አባታቸው የሆኑ ሰው ነበሩ። እንግዲህ ወለጋ ክርስትናን ያልሰማ አገር አልነበረም። ቄሶቹ ግን ኦሮምኛ አያውቁም ነበር፤ ሕዝቡ ተጠምቆ የሚነበበውን አይሰማም። በዚህ ምክንያት የኦኔሲሞስ ስብከት ብዙ ሰው ሲስብ ካህናቱ እመቤታችንን ሰድበዋል ብለው ከሰሷቸው። በ1906 አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀርበው እንዲሰደዱ ተፈረደባቸው። ዐፄ ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ፥ ነገር ግን እንዳይሰብኩ አዘዙ። በእርግጥ የካህናቱን ቍጣ በቅናት ብቻ መተርጐም አይገባም፤ ስለ እመቤታችን ክብርና ስለ አማላጅነት በሁለቱ ወገን መካከል እውነተኛ የእምነት ልዩነት ነበረ። ሆኖም ኦሮምኛ የሚያነብ ካህን በየደብሩ ቢኖር ኖሮ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር።

ኦኔሲሞስ ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ያህል በትምህርት ቤታቸው ተወስነው ኖሩ። በ1916 ልጅ ኢያሱ የመስበክ ፈቃድ ሰጧቸው፤ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ከወረዱም በኋላ ፈቃዱ አልተሻረም። ኦኔሲሞስ በ1931 በሰኔ ወር ነቀምቴ ላይ ዐረፉ። በዚያው ከተማ ሲያስተምሩ የኖሩት አስቴር ደግሞ እስከ 1964 በሕይወት ቈዩ። በመጽሐፉ የርእስ ገጽ ላይ በተርጓሚነት የተጻፈው የኦኔሲሞስ ስም ብቻ ነው።