የሲሚንቶ ላቦራቶሪ የፍተሻ መርሐ ግብር

በሲሚንቶ ፋብሪካ የናሙና አወሳሰድንና የላቦራቶሪ ምርመራን ከምርት ዕቅዱ ጋር አስተሳስሮ ሰዓትና ባለሙያ የሚመድብ ሰነድ ነው። የኬሚካል ይዘት በኤክስሬይ መሣሪያ በደቂቃዎች ስለሚታወቅ ከፈረቃው ጋር እኩል ይሄዳል።

አስቸጋሪው የጥንካሬ ፍተሻ ነው። በአውሮፓ ደረጃ መሠረት 450 ግራም ሲሚንቶ፣ 1350 ግራም መደበኛ አሸዋና 225 ግራም ውሃ ተቦክቶ 40 በ40 በ160 ሚሊ ሜትር በሆነ ፎርማ ይሞላል፤ ከፎርማው ሲወጣም 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ውሃ ውስጥ ይቆያል። እንደ ሲሚንቶው ዓይነት በ2ኛው ወይም በ7ኛው፣ ከዚያም በ28ኛው ቀን በማሽን ይሰበራል። የተፈቀደው የጊዜ መዛነፍ ለ2 ቀኑ 30 ደቂቃ፣ ለ28 ቀኑ 8 ሰዓት ነው። ዓርብ የተሞላው የ2 ቀን ናሙና የሚሰበረው እሑድ ነውና የዕረፍት ቀን ተረኛው አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

ምርቱ ግን 28 ቀን መጋዘን ውስጥ አይጠብቅም፤ የመጨረሻው ውጤት ሲደርስ ቤት ተሠርቶበት ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ፍተሻ መዝለል ከሁሉ የከፋ ስሕተት የሚሆነው ለዚህ ነው። ወፍጮው ከአንድ የሲሚንቶ ዓይነት ወደ ሌላ ሲዞርም ናሙናው ይደጋገማል።