ልብ በዐዋጅ አይለወጥም፦ የጣና ዳር የ400 ዓመት ትምህርት

ባሕር ዳር መሀል፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አንድ አሮጌ ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤት አለ። በልማድ የፔድሮ ፓኤዝ ሥራ ነው ይባላል። ከከተማዋ ወደ ጢስ ዐባይ ሲኬድ፣ ከፏፏቴው በታች በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራው የአላታ ድልድይ ቆሟል። ሐይቁን በጀልባ ወደ ሰሜን ለተሻገረ ደግሞ ከጎርጎራ አለፍ ብሎ የማርያም ግምብ ፍርስራሽ ይታያል። ሦስቱም የሚያስታውሱት አንድ ዘመን ነው፤ አንድ ንጉሥ የሕዝቡን ሃይማኖት በዐዋጅ ሊለውጥ የሞከረበትን ዘመን። ድንጋዩና ኖራው እስከ ዛሬ አለ። ዐዋጁ ግን ዐሥር ዓመት ያህል ብቻ ነው የቆየው።

ለምን አልቆየም? የታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ምክንያት ይዘረዝራሉ። የመኳንንቱ የሥልጣን ሽኩቻ አለ፣ የመነኮሳቱ ተቃውሞ አለ፣ ይመጣል የተባለው የአውሮፓ ጦር መቅረቱ አለ። ሁሉም እውነትነት አላቸው። ከሁሉም ሥር ያለው ግን ንጉሡ ሊደርስበት ያልቻለው ቦታ ነው፤ የሰው ልብ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ልብ ሲባል ምን ማለት ነው?

በአማርኛ ልብ የስሜት ማደሪያ ብቻ አይደለም። "ልብ በል" ማለት አስተውል ማለት ነው። ልባም የሚባለው አስተዋይ ሰው ነው፤ ብስለት የጀመረ ልጅም ልብ ገዛ ይባላል። "ልብ ካላየ ዓይን አያይም" የሚለው ተረትም የሚናገረው ስለዚሁ ነው። በግእዝም ልብ የሚያስበው፣ የሚያምነውና የሚወስነው የሰው ውስጣዊ ማንነት ነው።

በክርስትና ትምህርት ደግሞ መታደስ የሚጀምረው እዚያ ነው። ነቢዩ ሕዝቅኤል ስለ ሕዝቡ ተሐድሶ ሲናገር የድንጋዩ ልብ ወጥቶ የሥጋ ልብ እንደሚተካ ነው የተናገረው። ዳዊት ከበደሉ በኋላ የለመነው ዙፋኑ እንዲጸናለት ሳይሆን ንጹሕ ልብ እንዲፈጠርለት ነው። በቅዳሴውም ካህኑ ምእመናኑ ልባቸውን ወደ ላይ ከፍ እንዲያደርጉ ያሳስባል። የሚያስገርመው ይኸው ጥሪ በሮማው የላቲን ቅዳሴ ውስጥም መኖሩ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በጣና ዙሪያ የተጋጩት ሁለቱ ወገኖች በየቅዳሴያቸው አንድ ነገር ይሰሙ ነበር። ዳሩ ግን ከመካከላቸው አንዱ የሌላውን ልብ በዐዋጅ ከፍ ላድርገው አለ።

የፓኤዝ ትዕግሥት፣ የሜንዴዝ ጥድፊያ

እስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ ኢትዮጵያ የገባው በ1603 ነው። ከዚያ በፊት በቀይ ባሕር ማዶ ተማርኮ ሰባት ዓመት ያህል በባርነት ቆይቷል። እዚህ ሲደርስ የመጀመሪያ ሥራው ቋንቋ መማር ነበር፤ ግእዙንም አማርኛውንም ተማረ። ከካህናቱ ጋር ተከራከረ፣ ግንብ ገነባ፣ በ1618 ከንጉሡ ጋር ሆኖ ሰከላ ላይ የዐባይን ምንጭ አየ።

ፓኤዝ አንድ ነገር ቀድሞ የገባው ይመስላል። ዐፄ ዘድንግል ወደ ካቶሊክ እምነት ባዘነበሉ ጊዜ ቅዳሜ እንደ ሰንበት እንዳይከበር ለማወጅ ቸኮሉ፤ ፓኤዝ አይቸኩሉ ብሎ መክሯቸው ነበር። ምክሩ አልተሰማም። በ1604 ዓመፅ ተነሣ፣ ንጉሡም በጦር ሜዳ ወደቁ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዙፋኑን የያዙት ዐፄ ሱስንዮስም በዚያው መንገድ ሄዱ። የመቶ ዓመት ያልሞላው የግራኝ ጦርነት ትዝታ ነበረባቸው፤ በ1541 የመጡት የክሪስቶቮ ዳ ጋማ 400 ያህል ፖርቱጋላውያን ያደረጉት እርዳታም አልተረሳም። በዚያ ላይ ከየአቅጣጫው ጦርነት ነበረባቸው፤ ከአውሮፓ ነፍጥና ወታደር ይገኛል የሚል ተስፋም አላቸው። ከዚህ ሁሉ ጋር ግን፣ ኋላ እንደታየው፣ እምነቱን ራሱ ከልባቸው ተቀብለውት ነበር። ወንድማቸው ራስ ሥዕለ ክርስቶስም እንዲሁ።

ተቃውሞው ቶሎ መጣ። በ1617 የንጉሡ አማች ዮልዮስ ሸፈተ፤ ከግብፅ የመጡት ጳጳስ አቡነ ስምዖንም ከዓመፀኞቹ ጋር ቆሙ። ሁለቱም ተገደሉ። በ1622 ሱስንዮስ ካቶሊክ መሆናቸውን በግልጽ አስታወቁ፤ በዚያው ዓመት ፓኤዝ ሞተ። በ1625 የተተካው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ሌላ ዓይነት ሰው ነበር። በየካቲት 1626 ደንቀዝ ላይ ንጉሡና መኳንንቱ ለሮማው ፓፓ ታዛዥ ለመሆን በይፋ ማሉ። ከዚያ በኋላ ትእዛዝ በትእዛዝ ላይ ተደራረበ። ካህናቱ እንደገና ክህነት ይቀበሉ፣ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና ይባረኩ፣ ግዝረት ይቅር፣ ጾሙና በዓሉ በሮማ አቆጣጠር ይሁን ተባለ።

አንድ የደንቢያ ገበሬ ይህን ሲሰማ ምን ይሰማዋል? ስለ ሁለት ባሕርይና ስለ ተዋሕዶ የሚደረገው የሊቃውንት ክርክር ምናልባት ሩቁ ነው። እንደገና ተጠመቅ ሲባል ግን እስከ ዛሬ ክርስቲያን አልነበርክም መባሉ ይገባዋል። እናቱ ያስጠመቀችው ጥምቀት፣ አባቱን የቀበረው ቄስ፣ ረቡዕ የጾመው ጾም ሁሉ ከንቱ ነበር ተብሏል። ሜንዴዝ የሥርዓት ስሕተት የማርም መስሎት የነካው የሰውን ልብ ነበር።

አንዲት ሴት

የዚያ ዘመን ተቃውሞ በጦር የተገለጠ ብቻ አይደለም። ከሁሉ ጎልቶ የቀረው የአንዲት ጦር የሌላት ሴት ታሪክ ነው።

ወለተ ጴጥሮስ በ1592 ከመኳንንት ወገን ተወለደች። ያገባችው መልክአ ክርስቶስ የሚባል የሱስንዮስ የጦር አዛዥና አማካሪ ነበር። ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። በመነኮሳት እርዳታ ከቤቷ ጠፍታ ዘጌ ገባች፣ ጸጉሯን ተላጨች። ባሏ ተከትሎ የተሸሸገችበትን አገር ማጥፋት ሲጀምር በሽማግሌና በዘመድ ልመና ተመለሰች። ነገር ግን ባሏ በአቡነ ስምዖን ሞት እጁ እንዳለበት ስታውቅ ትዳሯን ለመጨረሻ ጊዜ ትታ መነኮሰች።

ከዚያ በኋላ ሕዝቡ የንጉሡን ሃይማኖት እንዳይቀበል እየዞረች አስተማረች። ሁለት ጊዜ ንጉሡ ፊት ቀረበች። ሞት ሊፈረድባት ነበር፤ ነገር ግን ባሏ ንጉሡን ለምኖ አተረፋት። ካቶሊካውያኑ ካህናት፣ ሜንዴዝ ራሱም ጭምር፣ በክርክር ሊረቷት ሞክረው አልሆነላቸውም። በመጨረሻም ወደ ሱዳን ጠረፍ፣ ዠበይ ወደሚባል በረሃ ለሦስት ዓመት ተጋዘች።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ የአንድ ጽኑ ሰው ገድል ብቻ በሆነ። ነገሩ የሚጠነክረው ከዚህ በኋላ ነው። በግዞት ቦታዋ ከዐዋጁ የሸሹ ሰዎች ወደ እሷ ተሰበሰቡ፤ የመጀመሪያው ማኅበር እዚያ ቆመ። ከግዞት ስትመለስ በጣና ዙሪያ ሌሎች ማኅበራትን መሠረተች፤ በሕይወቷ ዘመን ሰባት ደረሱ። ከጓደኛዋ ከእኅተ ክርስቶስ ጋር ሆና ወንዱንም ሴቱንም መራች። በ1642 ስታርፍ 50 ዓመቷ ነበር። ከ30 ዓመት በኋላ በ1672 ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ ገድሏን በግእዝ ጻፈው። በሐይቁ ምሥራቅ ዳርቻ ያለው የቋራጣ ገዳም እስከ ዛሬ በስሟ ይታወቃል።

የወለተ ጴጥሮስ መልስ ሌላ ዐዋጅ አልነበረም። ስደተኛውን ሰብስቦ አብሮ መጾም፣ አብሮ መሥራት፣ አብሮ መጸለይ ነበር። ዐዋጁ የአንድ ትውልድ ዕድሜ እንኳ አላገኘም፤ ማኅበሩ ግን ተተኪ አፈራ።

ወይናደጋና ከዚያ ወዲያ

በሰኔ 1632 በወይናደጋ ታላቅ ጦርነት ሆነ። ከላስታ የመጣው የዓመፀኞች ጦር መሪ መልክአ ክርስቶስ ይባል ነበር፤ ከወለተ ጴጥሮስ ባል ጋር በስም ብቻ ነው የሚገናኘው። ንጉሡ አሸነፉ። በሜዳው የቀረው ሬሳ ወደ 8,000 ይገመታል። ልጃቸው ፋሲልና መኳንንቱ ንጉሡን በሬሳው መካከል አስኬደው፣ የወደቁት አረመኔም እስላምም ሳይሆኑ የራሳቸው ሕዝብ፣ የራሳቸው ክርስቲያን መሆናቸውን እንዳሳዩአቸው ይነገራል።

ሱስንዮስ በዚያው ወር ሌላ ዐዋጅ አወጁ። ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ ፈቀዱ፣ ዙፋኑንም ለፋሲል ለቀቁ። በመስከረም ሞቱ። ሲሞቱ ግን ካቶሊክ ነበሩ። ሥልጣናቸውን ትተዋል፤ ለልባቸው ግን ሰላም የሰጣቸውን እምነት አልተዉም። ራስ ሥዕለ ክርስቶስም እምነትህን ካድ ተብሎ አልክድም አለ፤ ሹመቱን አጥቶ በግዞት ሞተ። ወለተ ጴጥሮስና ሥዕለ ክርስቶስ በሃይማኖት ባላጋራ ነበሩ። በልባቸው ጽናት ግን ይመሳሰላሉ። የጣናን ታሪክ የሚያነብ ሰው አንዷን አክብሮ ሌላውን ቢንቅ ትምህርቱን ግማሹን ብቻ ነው የወሰደው።

አሸናፊዎቹም ትምህርቱን ቶሎ ረሱት። ፋሲል ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ። በ1638 ሁለት ፈረንሳውያን ካፑቺን መነኮሳት፣ አጋታንጄሎና ካስያኖስ፣ ጎንደር ላይ ተሰቀሉ። ከካቶሊካውያኑ ጋር በተደረገው ክርክር የተቀሰቀሰው ጥያቄም በቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ ቅባትና ጸጋ የሚባል ክፍፍል አስነሣና ጎጃምንና ጎንደርን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አወከ። በ1878 ዐፄ ዮሐንስ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ሰብስበው በሥልጣን ዘጉት። በዚያው ወቅት የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። መኳንንቱ ተጠመቁ፤ ከሕዝቡ ብዙው ግን ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆኖ ኖረ። በሱስንዮስ ጊዜ የተገፋችው ቤተ ክርስቲያን ልጆች፣ ተራው ሲደርሳቸው፣ ሱስንዮስ የሠሩትን በሌላው ላይ ሠሩ። ወሎም የመለሰችው መልስ ጣና የመለሰውን ነበር።

ዛሬስ?

ዛሬ ማንም በዐዋጅ እንደገና ተጠመቅ አይባልም። ልብን በደጅ ትቶ ሃይማኖትን የማስተካከል ልማድ ግን አልጠፋም። በ2018 ዋሽንግተን ላይ ሁለቱ ሲኖዶሶች ሲታረቁ አገሩ በደስታ አለቀሰ። ዓምስት ዓመት ሳይሞላ፣ በ2023 መጀመሪያ፣ በጳጳሳት ሹመት ምክንያት ሌላ መከፋፈል መጣ፤ ከሳምንታት ውጥረት በኋላ በስምምነት ተቋጨ። ስምምነት ያስፈልጋል፤ ሰው እንዳይሞት ያደርጋል። ነገር ግን ስምምነት ሥራውን የሚጀምረው የተፈራረሙት ሰዎች ወንበራቸውን ትተው ልባቸውን ሲመረምሩ ነው።

ስለ ቤተ ክርስቲያን መታደስ የሚናገር ሁሉ ዛሬ የሚያነሣው አስተዳደሩን፣ ሕጉን፣ ቋንቋውን፣ ገንዘቡን ነው። ጥያቄዎቹ ከባድ ናቸው፤ መልስም ይገባቸዋል። ሱስንዮስም ሕግ ነበራቸው፣ ጦር ነበራቸው፣ የተማሩ አማካሪዎች ነበሯቸው። በየሰልፉና በየስልኩ ሃይማኖቱን እንደ ባንዲራ የሚያውለበልበው ወጣትም ራሱን ሊጠይቅ ይገባል። ባንዲራው ከእጁ ቢወሰድ የሚቀረው ምንድን ነው? ጎረቤቱን የሚጠላበት ምክንያት ነው ወይስ ጎረቤቱን የሚምርበት ልብ?

አሁን በአማራ ክልል ጠብመንጃ ከቃል ይልቅ ይሰማል። ባሕር ዳርና ዙሪያዋም ከዚህ አላመለጡም። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰውን ዝም ማሰኘት ቀላል ነው፤ ዝም ያለ ሁሉ ግን የተስማማ አይደለም። ከ1622 እስከ 1632 የጣና ዳር ሰው በአብዛኛው አንገቱን ደፍቶ ነበር። የደፋው አንገቱን እንጂ ልቡን አለመሆኑን ንጉሡ ያወቁት በሬሳ መካከል ሲሄዱ ነው። ለዚያ ዕውቀት የተከፈለው ዋጋ 8,000 ሰው ነበር፤ ዳግመኛ ባይከፈል መልካም ነው።