የገቢ ማሰባሰቢያ ኮንሰርት

የገቢ ማሰባሰቢያ ኮንሰርት ትርፉ ለአንድ ሰው ወይም ዓላማ እንዲውል የሚዘጋጅ የሙዚቃ ዝግጅት ነው። ዛሬ ከበጎ አድራጎት ጋር ቢያያዝም፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ትርፉን ብዙ ጊዜ የሚወስደው ሙዚቀኛው ራሱ ነበር።

የሙዚቀኞች መተዳደሪያ

የዘመኑ ሙዚቀኞች ከቤተ መንግሥት፣ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከቲያትር ቤት ደመወዝ ያገኙ ነበር፤ ሙዚቃ በማስተማርም ይተዳደሩ ነበር። ይህ ስለማይበቃ በራሳቸው ስም ኮንሰርት ያዘጋጁ ነበር። የአዳራሹና የተጫዋቾቹ ወጪ በአዘጋጁ ላይ ስለሚወድቅ ኪሳራውም የእሱ ነበር። ቤትሆቨን እ.ኤ.አ. በ1824 በቪየና ዘጠነኛውን ሲምፎኒ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያቀርብ አድናቆቱ ከፍተኛ ቢሆንም፣ ወጪው ተቀንሶ የቀረለት ገንዘብ ከጠበቀው እጅግ ያነሰ ነበር።

ወደ በጎ አድራጎት

ጡረታ ስላልነበረ፣ ሙዚቀኛ ሲታመም ወይም ሲሞት ቤተሰቡ ለችግር ይጋለጥ ነበር። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1738 በለንደን የሙዚቀኞች መረዳጃ ፈንድ ተቋቋመ። ሃንደል ለፈንዱ ኮንሰርት ከማቅረቡም በላይ በኑዛዜው 1,000 ፓውንድ ትቶለታል። «መሲሕ» የተባለው ሥራውም እ.ኤ.አ. በ1742 በደብሊን መጀመሪያ ሲቀርብ ገቢው ለሆስፒታሎችና በዕዳ ለታሰሩ ሰዎች ውሏል።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን

ጆርጅ ሃሪሰንና ራቪ ሻንካር እ.ኤ.አ. በ1971 በኒው ዮርክ ለባንግላዴሽ ስደተኞች ኮንሰርት አዘጋጁ። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ በኢትዮጵያ ለረሃብ ለተጋለጡ ወገኖች «ላይቭ ኤይድ» በለንደንና በፊላደልፊያ ተካሄደ። ሙዚቀኞቹ የተጫወቱት ያለ ክፍያ ነበር፤ በቀድሞው ዘመን የሙዚቀኛው መተዳደሪያ የነበረው ኮንሰርት፣ እዚህ ላይ ሙዚቀኛው ገቢውን የሚለግስበት ሆኗል።