ወረቀቱ ያውቅ ነበር

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። የምንለው ለበሽተኛው ነው። የደበቀው ሆስፒታሉ ሲሆንስ? እኔ ይህን ተረት በሰማሁ ቁጥር የእንግሊዟ ብሪስቶል ትዝ ትለኛለች።

እ.ኤ.አ. በ1988 ዶክተር ስቲቨን ቦልሲን የተባሉ የማደንዘዣ ሐኪም በብሪስቶል ሮያል ኢንፈርመሪ ሥራ ጀመሩ። የሕፃናት የልብ ቀዶ ጥገና ሰዓቱ ሲረዝም፣ ሟቹም ሲበዛ አዩ። ለአለቆች ተናገሩ፤ ሰሚ የለም። ቁጭ ብለው የሞተውንና የዳነውን ቆጠሩ፤ አሁንም ሰሚ የለም። በጥር 1995 ሐኪሞቹ ማታ ተሰበሰቡ። ቦልሲን «ይቅር» አሉ። አልቀረም። በማግስቱ ሕፃኑ ቀዶ ጥገናው ላይ ሞተ። እሳቸውም በኋላ ወደ አውስትራሊያ ሄዱ።

የሕግ ፕሮፌሰሩ ኢያን ኬኔዲ የመሩት መንግሥታዊ አጣሪ ሪፖርቱን በሐምሌ 2001 አወጣ። ከ1991 እስከ 1995 ባሉት ዓመታት አንድ ዓመት ካልሞላቸው ሕፃናት፣ በሌላ ተመሳሳይ ሆስፒታል ከሚጠበቀው በላይ ከ30 እስከ 35 የሚሆኑ ሞተዋል አለ።

እኔን የገረመኝ ግን ማስረጃው የተገኘበት ቦታ ነው። አንዱ ምንጭ በሽተኛ ሲወጣ ጸሐፊ የሚሞላው ተራ የአስተዳደር መዝገብ ነበር። ዕድሜው ስንት ነው? ምን ታመመ? ምን ተደረገለት? በእግሩ ወጣ ወይስ ሞተ? በቃ! ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በመላ እንግሊዝ ሲሞላ የኖረ ነው። ሐኪሞቹ «የጸሐፊ ጽሑፍ» ብለው ይንቁት ነበር። አጥኚዎች ብሪስቶልን ከሌሎች 11 ማዕከላት ጋር ጎን ለጎን ሲያስቀምጡት፣ የሕፃናቱ ሞት እጥፍ ገደማ ሆኖ ወጣ። የቀዶ ሐኪሞቹ የራሳቸው መዝገብም ያንኑ መሰከረ።

መቼም ቁጥር ብቻውን አይፈርድም። የባሰበት በሽተኛ የሚላክለት ሆስፒታል ብዙ ሰው ቢሞትበት አይገርምም፤ ጸሐፊም ይሳሳታል። ይህ ሁሉ ተመዝኖ ግን ልዩነቱ አልጠፋም።

እንግዲህ ቁጥሩ መደርደሪያው ላይ ነበር። ያጣው የሚያየው ሰው ነው። ማየት የማን ሥራ እንደሆነ የወሰነ አልነበረም። ወላጆች ልጃቸውን ታቅፈው ሲገቡ ግን ያንን ወረቀት የነገራቸው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ካርድ ክፍል በተሰለፍኩ ቁጥር መዝገብ የምትሞላዋን ልጅ አያታለሁ። የምትጽፈውን አንድ ቀን የሚደምረው ሰው ይኖር ይሆን?