አእምሮ ስድስት ኪሎ፣ አንጎል ጥቁር አንበሳ

ከስድስት ኪሎ ወደ ሜክሲኮ በታክሲ በወረድን ቁጥር አንድ ነገር ይገርመናል። ሥነ ልቡናና ቋንቋ እላይ ቀርተዋል፤ አንጎል ግን ያለው ከሜክሲኮ አደባባይ ብዙም በማይርቀው ጥቁር አንበሳ ነው። ዩኒቨርሲቲው አንድ፣ ደጁ ሁለት!

ታሪኩ አጭር ነው። በዩኒቨርሲቲያችን የአእምሮ ሕክምና የስፔሻሊቲ ሥልጠና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሲሆን፣ የነርቭ ሕክምናው በ2006 ተከተለ። ከዚያ በፊት ሐኪሙ ለዚህ ትምህርት ባሕር ማዶ መሻገር ነበረበት። አሜሪካኖቹ ግን እ.ኤ.አ. በ1978 ለስሎን ፋውንዴሽን በቀረበ ዘገባ ፍልስፍናን፣ ሥነ ልቡናን፣ ቋንቋን፣ ሥነ ሰብእን፣ ኮምፒዩተርንና የአንጎልን ሳይንስ በአንድ ባለ ስድስት ማዕዘን ሥዕል አስረዋቸው ነበር።

ታዲያ ለእኛ ምን ያደርግልናል? «ሰበረችው» የምትለዋን ቃል እንያት። ማን ሰበረች፣ ምን ተሰበረ፣ ሁሉም እዚያው ታጭቋል። አንጎሉ ተጎድቶ አንደበቱ የተያዘ ሰው «ሰበረ» ብቻ ቢለን፣ ግሡ አለ፤ ሴትዮዋና ዕቃው ግን ጠፍተዋል። በእንግሊዝኛው ግሥ ላይማ ሴትዮዋ ድሮም የለችም! ስለዚህ ከፈረንጅ የተቀዳ ፈተና ይህን ጉድለት አይይዘውም። ሐኪሙ ጉዳቱ የቱ ጋ እንዳለ በምርመራ ፎቶ ያያል፤ ቃሉን መበተን ግን የእኛ የቋንቋ ተማሪዎች ሥራ ነው። እንግዲህ የሕክምና ጓደኞቻችን አንድ ሴሚስተር ሰዋስው ይቀመጡልን፤ እኛም ወርደን ስለ አንጎል እንማር።