ሉዊስ ፓቼኮ ዴ ናርቫኤስ

ሉዊስ ፓቼኮ ዴ ናርቫኤስ (1570–1640 እ.ኤ.አ.) ስፔናዊ የሰይፍ መምህርና ደራሲ ነበረ። ዕድሜውን በሙሉ የሰይፍን አያያዝ እንደ ሳይንስ ለማስረዳት ሠርቷል። የሚታወቀውም «ላ ቬርዳዴራ ዴስትሬሳ» ወይም «እውነተኛው ክህሎት» የሚባለውን ትምህርት በመጻሕፍቱ በማስፋፋቱ ነው።

ሕይወቱ

ፓቼኮ የተወለደው በደቡብ ስፔን በባኤዛ ከተማ ነው። በካናሪ ደሴቶች በወታደርነት አገልግሏል። «የሰይፍ ታላቅነት መጽሐፍ» የተባለው ሥራው በ1600 እ.ኤ.አ. በማድሪድ ታተመ። ስለ ሰይፍ ይጽፍና ያስተምር ነበር። የንጉሥ ፊሊፕ 4ኛ የሰይፍ መምህርም ነበረ።

ትምህርቱ

የትምህርቱ መሥራች የሴቪያ ተወላጁ ሄሮኒሞ ሳንቼስ ዴ ካራንሳ ሲሆን፣ መጽሐፉ በ1582 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ካራንሳ በልማድ ብቻ የሚሰጠውን የሰይፍ ትምህርት ነቅፎ፣ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ በጂኦሜትሪ መረጋገጥ አለበት አለ።

በዚህ ትምህርት መሠረት ተፋላሚው ቀጥ ብሎ ቆሞ ክንዱንና ሰይፉን በትከሻው ቁመት ወደ ፊት ይዘረጋል። ክንድ ከሰውነት ጋር የ90 ዲግሪ ማዕዘን ሲሠራ ሰይፉ ከሁሉ ይበልጥ ይርቃል፤ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ግን ርቀቱ ይቀንሳል። ሁለቱ ተፋላሚዎች በአንድ ክብ ዙሪያ ትይዩ እንደቆሙ ይታሰባል። ቀጥታ ወደ ፊት መሄድ በባላጋራው ሰይፍ ጫፍ ላይ መግባት ስለሆነ፣ ተፋላሚው በክቡ ዙሪያ ወደ ጎን ይራመዳል። የራሱን ሰይፍ በባላጋራው ሰይፍ ላይ አሳርፎ መንገዱን መዝጋት ደግሞ «አታሆ» ይባላል።

ክርክሮች

ስሌት ነፍስን ከሞት ያድናል ወይ የሚለው ጥያቄ በዘመኑ ብዙ አከራክሯል። ገጣሚው ፍራንሲስኮ ዴ ኬቬዶ የፓቼኮ ዋና ተቃዋሚ ነበረ። ሁለቱ በሰይፍ ገጥመው ኬቬዶ በመጀመሪያው ምት የፓቼኮን ባርኔጣ ከራሱ ላይ እንዳወረደ ይነገራል። በ1626 እ.ኤ.አ. በታተመው «ኤል ቡስኮን» በተባለው ልብ ወለዱም፣ ሰይፍን ከመጽሐፍ ተምሮ በማዕዘን ስሌት ያበደ ሰው አስገብቶ አሾፈ። ፓቼኮ በበኩሉ የኬቬዶን መጻሕፍት ለኢንኩዊዚሲዮን ፍርድ ቤት ከሰሰ። ከካራንሳ ሐሳብ እየራቀ በመሄዱም ተከታዮች የካራንሳና የፓቼኮ ወገን ተብለው ተከፈሉ።

ቅርሱ

የመጨረሻ ትልቅ ሥራው «አዲስ ሳይንስ» የታተመው ከሞተ ከ32 ዓመት በኋላ በ1672 እ.ኤ.አ. ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ የሰይፍ ስልት ሲስፋፋ የስፔኑ ትምህርት እየደከመ ሄዶ ከመምህር ወደ ተማሪ መተላለፉ ቀረ። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ግን በተለያዩ አገሮች ያሉ የጥንት ሰይፍ አፍቃሪዎች የፓቼኮንና የካራንሳን መጻሕፍት እያነበቡ፣ እንቅስቃሴውን ስለት በሌለው ሰይፍ ይሞክራሉ። ኬቬዶ ያሾፈበት ከመጽሐፍ የመማር መንገድ ዛሬ ትምህርቱን መልሶ ለማግኘት ዋናው መንገድ ሆኗል።