በእንተ ስማ ለማርያም፤ የጎጃም ደጃፍና የቅኔ ጉባኤ

የጎጃምን ሊቃውንት ታሪክ የጻፉ ሰዎች የመምህሩን ስም፣ የደብሩን ስም፣ ጉልት የሰጠውንም መኰንን ስም አስፍተው ጽፈዋል። ነገር ግን ተማሪው በዋሸራ፣ በዲማ ጊዮርጊስ፣ በደብረ ኤልያስ ሲቀመጥ የዕለት እንጀራውን ከማን እጅ ይበላ እንደ ነበር የጻፉ ጥቂቶች ናቸው። ነገሩ እጅግ ትንሽ መስሎ ስለ ታየ ነው። አንዲት ባልቴት ከመሶቧ ቆርሳ ለአንድ ደበሎ ለባሽ ልጅ የሰጠችውን ቁራሽ ዜና መዋዕል ብሎ የሚጽፍ ማን ነው? የንጉሥ ጸሐፊ የንጉሥን ስጦታ ይቈጥራል እንጂ የባልቴትን ምጽዋት አይቈጥርም። መጽሐፍ ግን የሰራፕታዋን መበለትና አንድ እፍኝ ዱቄቷን ሳይጽፍ አላለፈም።

ዛሬ ደብረ ማርቆስ የሚባለው ከተማ አስቀድሞ መንቆረር ይባል ነበር። ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እጅ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ነገሡ፤ የከተማውም አዲስ ስም ከቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ተገኘ። እንደ ዘመኑ ሥርዓት ደብር በተተከለበት ስፍራ ሁሉ ለካህናቱ መተዳደሪያ መሬት ይመደብ ነበር። ቄሱም ደብተራውም ድርሻቸውን አርሰው ወይም አሳርሰው ይኖሩ ነበር። የቅኔ ተማሪ ግን ከዚህ ሁሉ ድርሻ አልነበረውም። ከሩቅ አገር የመጣ ነው፤ የደብሩ አገልጋይ አይደለም፤ ዘመድ የለውም። ስለዚህ በንጉሡ ጉልትና በተማሪው ሆድ መካከል ሰፊ ገደል ነበረ። ያንን ገደል የሞላው የባላገሩ ቤት ነው።

ተማሪው አኮፋዳውን በትከሻው አንግቶ፣ ለውሻው በትሩን ይዞ፣ ከደጃፍ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ስለ ማርያም ስም ማለቱ ነው። ስሙን አይናገርም፤ የማን ልጅ እንደ ሆነም አይጠየቅም። የባለጸጋ ልጅም ቢሆን ወላጆቹ ፈልገው እንዳይመልሱት አገሩን ሸሽቶ እንደ ድኻው ልጅ ይለምናል። ከቤት ውስጥ እናት ምጣድ ላይ ብትሆን ሕፃኗን «ሂድ፣ ስጠው» ትለዋለች። ሕፃኑም ቁራሹን በሁለት እጁ ይዞ ይወጣል። የተለመነው እንጀራ አንዳንዴ ትኩስ፣ አንዳንዴ የደረቀ፣ አንዳንዴም ቆሎ ብቻ ነው። ተማሪው ከጎጆው ተመልሶ ከባልንጀሮቹ ጋር ይካፈለዋል። ቀን በየዛፉ ጥላ ሥር ቅኔ ሲቈጥር ይውላል፤ ማታ በቅኔ ነገራ ለመምህሩ ያሰማል፤ መምህሩም ያርመዋል። ይህ ሁሉ ሳይከፈልበት የተማረው ትምህርት በቁራሽ የተያዘ ነው።

እዚህ ላይ ከቋንቋችን አንድ ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። የሚሰጠው የሌለው ቤት ለማኙን ሲያሰናብት «እግዜር ይስጥህ» ይለዋል። የተሰጠው ደግሞ ሲያመሰግን «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። በከለከለው ቤትም በሰጠው ቤትም ሰጪው አንድ እግዚአብሔር ነው። ባለቤቲቱ በገዛ ደጃፏ ላይ እጅ አቀባይ ብቻ ናት። እንዲህ ያለውን ነገረ መለኮት ያስተማራት መምህር የለም፤ በየዕለቱ ከአፏ የሚወጣ ቃል ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። ዛሬ ቁራሹን ይዞ ወደ ደጃፍ የወጣው ሕፃን ጥቂት ዓመት ቆይቶ ራሱ አኮፋዳ አንግቶ ይጠፋል። ያን ጊዜ እናቱ የሌላይቱን ልጅ ስታበላ፣ ያችኛይቱ እናት ደግሞ በማታውቀው አገር የእርሷን ልጅ ታበላለች። ሁለቱ እናቶች በዚህ ዓለም አይተያዩም። ቁራሹን የሚያሳንስ ሰው ይህንን ልብ አላለም። የአንዲት እናት ናፍቆት ለሌላው ልጅ ምሳ ይሆናል፤ ይህም ያለ ውል፣ ያለ ዳኛ፣ በማርያም ስም ብቻ ሲፈጸም ኖረ።

ቅኔ ከቤት ጋር ያለው ዝምድና በእንጀራ ብቻ አይደለም። ጀማሪው መጀመሪያ የሚቈጥረው ባለ ሁለት ቤቱ ቅኔ «ጉባኤ ቃና» ይባላል። ቃና ዘገሊላ የሠርግ ቤት ነው። ጌታችን የመጀመሪያውን ተአምር ያደረገው በቤተ መቅደስ ሳይሆን የወይን ጠጁ ባለቀበት የሠርግ ቤት፣ በጋን ውኃ ላይ ነው፤ ማለቁንም አስቀድማ ያየች እመቤታችን ናት። የቅኔን በር በዚህ ስም የሰየሙ አባቶች ያለ ምክንያት አልሰየሙትም። ተማሪው መወድስና ዕጣነ ሞገር ከመድረሱ በፊት በአንድ ቤተ ሰብ ጓዳ በኩል ያልፋል።

በምዕራብም በ13ኛው መቶ ዓመት የተነሡት የፍራንቼስኮስ ዘአሲዚ ተከታዮች እንጀራቸውን በየደጃፉ ይለምኑ ነበር። የእነርሱ ግን የመነኰሳት ስእለት ነው። የጎጃሙ ተማሪ ልመና የትምህርት ዘመን ነው፤ መሪጌታ ሲሆን ያበቃል። ከዚያ በኋላ እርሱም ጐጆ ቀልሶ፣ ሚስት አግብቶ፣ በተራው ከደጃፍ የሚሰማውን ድምፅ ይጠብቃል።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ሲወጣ የአድባራትና የገዳማት ጉልት አብሮ ሄደ። ብዙ ሰዎች የአብነት ትምህርት በዚያው ያበቃል ብለው ፈሩ። ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም፤ መምህራን ተቸገሩ፣ አንዳንዱም ጉባኤ ታጠፈ። ተማሪው ግን ቀድሞም መሬት አልነበረውምና የሚወሰድበት አልነበረም። ደጃፉም በአዋጅ አልተወረሰም።

ዛሬ የሚያሠጋው ሌላ ነው። በከተማ እንጀራ በቍጥር ከሱቅ ይገዛል፤ በቍጥር የተገዛ እንጀራ ደግሞ ለእንግዳ አይተርፍም። አጥሩ ቆርቆሮ፣ በሩ ብረት ሆኗል፤ የልጅ ድምፅ አልፎ ከጓዳ አይደርስም። እርግጥ ነው፣ ማኅበረ ቅዱሳንን የመሳሰሉ ማኅበራት ለአብነት ተማሪዎች ቀለብና ልብስ ይረዳሉ። የሚነቀፍ ሥራ አይደለም፤ ተማሪውንም ከውሻ ጥርስ ያድነዋል። ነገር ግን ገንዘቡን የላከው አባት ልጅ ቁራሽ ይዞ ወደ ደጃፍ አይወጣም። ተማሪው ይጠግብ ይሆናል፤ ቤቱ ግን ምን እንደ ጐደለበት አያውቅም። ለተማሪው ስንቅ የሚያስቡ ሰዎች ለዚያ ሕፃንም ሊያስቡለት ይገባ ነበር።

በቅዱስ ማርቆስ በዓል፣ ሚያዝያ 30 ቀን፣ በደብሩ ሊቃውንቱ በተሰበሰቡበት ባለ ቅኔው ተነሥቶ መወድሱን ያሰማል። ምሥጢሩ የገባቸው «ይበል!» ይላሉ። በሴቶች በኩል የቆመች አንዲት እናት ግእዙን አትሰማም፤ ሰሙንም ወርቁንም አትለይም። ድምፁን ግን ታውቀዋለች፤ ከደጃፏ ትሰማው የነበረ ድምፅ ነውና።